ለሰው ቤት የወጣ ሕግ፦ ድሬዳዋና የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ

ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ትወጣለህ። ሐረማያን ታልፋለህ። አወዳይ ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ጫት ሊገዛ ይወርዳል። ከዚያ ሐረር ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ።

በ1993 ዓ.ም. በዚህ አጭር መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ሚስትነት ነበር። ድሬዳዋ ላይ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ አትዳርም። ሐረማያ ላይ 15 ከሞላት ትዳራለች። ድሬዳዋ ላይ ባልና ሚስት ቤታቸውን እኩል ይመራሉ። ሐረር ላይ የቤቱ ራስ ባል ነው። ይህ እንግዲህ ወረቀት ላይ ያለው ነው፤ ኑሮ የራሱ መንገድ አለው። ግን ወረቀቱስ ቢሆን እንዴት እንዲህ ሆነ? አገሩ አንድ፣ ሕገ መንግሥቱ አንድ፣ ሚኒባሱ አንድ።

ወደዚህ ጉዳይ የመጣሁት ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው። ሕግ አውጪው ወንድ ወይም ሴት መሆኑ፣ የሴት ልጅ አባት መሆኑ፣ የማን ዘመድ መሆኑ በሚሰጠው ድምፅ ላይ ምን ይሠራል? ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚጠናው በአሜሪካ ኮንግረስ ላይ ነው። እኛም ጋ ግን ለዚህ ጥያቄ የተሠራ የሚመስል ጉዳይ አለ፤ ሰው እምብዛም አያነሳውም። ዛሬ የምናውቀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ መጀመሪያ የሠራው በሁለት ከተማ ብቻ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ።

የድሮው ሕግ

ከዚያ በፊት የነበረው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። በዘመኑ ዘመናዊ ይባል ነበር፤ ብዙው ክፍሉም ዛሬ ድረስ ይሠራል። የቤተሰቡ ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። ባል የቤቱ ራስ ነው። ሚስት ሕግ በማይከለክለው ነገር ሁሉ ትታዘዘዋለች። የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው። የጋራ ንብረቱን በዋናነት የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። አንደኛው ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለቤቱ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችላል ይላል፤ በተግባር ማን ማንን እንደሚከለክል ግን አይጠፋንም። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ አንድ አንቀጽም ነበረው፣ 646። ባል ለሚስቱ አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች። ሕግ ነው ይህ፣ የሰርግ ዘፈን አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ግን ፍቺ ነው። በድሮው ሕግ የፍቺ ጥያቄ መጀመሪያ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነው። እነሱም በጋብቻው ጊዜ ምስክር የነበሩት ሰዎች ናቸው። አጎት፣ የአባት ወዳጅ፣ የሰፈር ትልቅ ሰው። ሰርጉን የበሉ ሰዎች ፍቺውን ይዳኛሉ ማለት ነው። ሽማግሌ ማስታረቁ ክፉ አይደለም፤ ማናችንም ቤት ያላለፈ ነገር አይደለም። እዚህ ግን ማስታረቁ ብቻ አልነበረም የተሰጣቸው። መፍረዱም ነበር።

እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ያ ሕግ ሲወጣ ፓርላማ ውስጥ ሴት ነበረች። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ምርጫ አሸንፈው ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ደራሲ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። አባታቸው የጎንደር ከንቲባና ዲፕሎማት የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ፓርላማ እስክትደርስ ምን ዓይነት አባት ያስፈልጋት እንደነበር ከዚህ ይታያል። ገብተውም ግን ባል የቤቱ ራስ ነው የሚለው ሕግ እሳቸው ባሉበት ፓርላማ ዘመን ጸደቀ። አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ምን ያድርግ።

ለምን ሁለት ከተማ ብቻ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው አለ። አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች መብት ሌላም ብዙ ጨመረ። ከዚያ በኋላ አንቀጽ 646ን ይዞ መቀጠል የሚያሳፍር ሆነ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ማኅበሩ የቤተሰብ ሕጉ ይሻሻል እያለ ወተወተ። በረቂቁ ላይም ሕዝብ ተወያየ፣ ተከራከረ።

ችግሩ ሥልጣን ነበር። በሕገ መንግሥቱ አከፋፈል የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ጉዳይ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለጎንደር፣ ለጅማ ወይም ለሐረር የቤተሰብ ሕግ ሊያወጣ አይችልም። የሚችለው ክልል ላልሆኑት፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ለሆኑት ብቻ ነው። አዲስ አበባ አንዷ ናት። ሌላዋ ድሬዳዋ።

ድሬዳዋ ደግሞ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባችው ስለ ሴቶች ታስቦ አይደለም። ኦሮሚያም ሶማሌም የእኔ ናት ስላሉ ነው። ክርክሩ አልቋጭ ሲል ከተማዋ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ቆየች። የራሷን ቻርተር ያገኘችውም በ1996 ነው። እስቲ አስቡት። የድሬዳዋ ሴት ከሐረርና ከሐረማያ እህቷ ቀድማ በቤቷ እኩል የሆነችው ሁለት ክልሎች በመሬት ስላልተስማሙ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለችው ሽንሌ ሶማሌ ክልል ስለሆነች ሕጉ አልደረሳትም። የድሬ ሰው ስለ ወሰኑ ጉዳይ ሲያማርር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህን መዘዝ የሚያነሳ ግን አልገጠመኝም።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው። አዲስ አበባ 23 ወንበር አላት፣ ድሬዳዋ 2። ተደምሮ 25። የቀሩት 522 ወንበሮች ሕጉ የማይነካቸው አካባቢዎች ናቸው። የወሎው፣ የባሌው፣ የሲዳማው ተመራጭ እጁን የሚያወጣው መራጩን ለማይነካ ሕግ ነው። የአገር ቤት አጎቱ የሽምግልና ዳኝነቱን አያጣም። የአጎቱ ልጅ በ15 ዓመቷ ብትዳር በዚህ አዋጅ ማንም አይጠይቀውም። ሥልጣናቸው የተወሰደው የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች ናቸው።

ጊዜውም ልብ ይባል። አዋጁ የወጣው ሰኔ 27 ቀን 1992 ነው። ምርጫው ግንቦት ውስጥ ተካሂዷል። የምክር ቤቱ ዓመታዊ ስብሰባ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ተሰናባቹ ምክር ቤት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው የወጣ ሕግ ነው ማለት ነው። አገሩ ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት ገና ጋብ ማለቱ ነበር። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ ግንባር ነው የሚያወራው። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ወንበሩን በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ወንዶች በያዙት ምክር ቤት፣ የባልን አለቅነት የሚሽር ሕግ አለፈ።

የሴት ልጅ አባት

እዚህ ጋ የአሜሪካኑን ጥናት ላምጣ። ኢቦኒያ ዋሽንግተን የተባለች ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ብልጠት አለው። ሰው ስንት ልጅ እንደሚወልድ ይመርጥ ይሆናል፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን አይመርጥም። ስለዚህ እኩል ልጅ ያላቸውን የኮንግረስ አባላት ወስደህ ሴት ልጅ የበዛለትን ሴት ልጅ ካነሰችበት ጋር ታወዳድራለህ። ከእ.ኤ.አ. 1997 እስከ 2004 የተሰጡትን ድምፆች አየች። ሴት ልጅ በጨመረ ቁጥር አባትየው የሴቶች መብት ተሟጋቾች ወደሚደግፉት ጎን ያዘነብላል። በይበልጥም ስለ ወሊድና ጽንስ በሚወጡ ሕጎች ላይ።

ደስ የሚል ውጤት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያደግኩበትን ግቢ አስታውሼ ፈገግ ብያለሁ። ለሴት ፈገግ የማይለው ጎረቤታችን ሦስተኛ ሴት ልጁ ከተወለደች በኋላ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ሆኖ አረፈው። ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ የመጡትን ኮንግረሶች ሲመረምሩ ያንኑ ውጤት አላገኙም። ሁለቱ ፓርቲዎች በጣም በተራራቁበት ዘመን አባትነት የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። ሴት ልጅ ኖረችህም አልኖረችህም ድምፅህን የሚወስነው ፓርቲህ ነው።

ወደ እኛው 1992 ስንመለስ ይህ ሁለተኛው ውጤት ነው የሚቀርበን። አብዛኛውን ወንበር የያዙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ። ድርጅቱ ከወሰነ ወሰነ ነው። ድምፁ የሚሰጠው ደግሞ እጅ በማውጣት ነው። ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተአቅቦ ይቆጠራል። ማን ምን እንደመረጠ ግን አይመዘገብም። በአሜሪካ እንደተደረገው አባላቱን በስም ዘርዝሮ ሴት ልጆቻቸውን መቁጠር እዚህ አይሠራም። እጅ የወጣው በአንድ ላይ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ጭራሽ አልሠራም ማለት ነው? አይመስለኝም። እኔ የሚታየኝ ቤተሰብ ከድምፁ በፊት መሥራቱ ነው። አንድ ረቂቅ ቶሎ ይቀርብ ወይስ ይደር በሚባልበት ቦታ። የትኛው አንቀጽ ይለዝብ በሚባልበት ቦታ። እዚያ ላይ አንድ ሕግ አውጪ በሆዱ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ ሕግ የእኔ ሰው ቤት ይገባል ወይ? የሚገባ ከሆነ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ሲሄድ፣ ለሰርግ ሲጠራ፣ አጎቱ ፊት ሲቀመጥ መልስ ይፈለግበታል። የማይገባ ከሆነ ግን እጅን ማውጣት ቀላል ነው። የአዋጅ 213ን ፈጣን መንገድ እኔ በዋናነት የማየው በዚህ ዓይን ነው። አብዛኛው አባል የሰው ቤት ነበር ያስተካከለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጎረብጣል። የምክር ቤት አባላት በሥራቸው ምክንያት አዲስ አበባ ነው የሚቀመጡት። ሚስቶቻቸውም፣ ልጆቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው። ሕጉ ለገዛ ሚስቶቻቸውም ይደርስ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን ነገሩን የሚያፈርስ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያጠራዋል። ከከተማ ያለችው ሚስትና አገር ቤት ያለው ዘመድ የተለያየ ነገር ነው የሚፈልጉት። በዚህ አዋጅ ላይ የሚስት ወገን ብቻ ነበር በሕጉ የሚነካው። ያኛው ወገን አልተነካም፣ አልጮኸም።

በዚያው ዓመት፣ ያው ምክር ቤት

ድሬዳዋን ለዚህ ጉዳይ የተለየች የሚያደርግ ሌላም አለ። ከሰባት ወር በፊት፣ በኅዳር 1992፣ ያው ምክር ቤት ሌላ አዋጅ አውጥቷል። አዋጅ ቁጥር 188/1992፣ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው ነው። ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን በእስልምና ሕግ መዳኘት የሚችሉት ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲመጡ ነው። መሠረቱም ያው አንቀጽ 34 ነው፤ እኩልነቱን የሰጠው አንቀጽ በፈቃድ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትንም ፈቅዷል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ላይ የብዙዎች ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከመቶ 70 ገደማው ሙስሊም ነው። ስለዚህ ለአንዲት የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት በር ተከፈተላት። በአንዱ በር ባልና ሚስት በሁሉም እኩል ናቸው። በሌላው በር የሃይማኖቷ ሕግ አለ፤ ቃዲው፣ የሸሪዓው ዳኛ፣ የሚታወቅ ሰው ነው፤ መህሯን፣ ባል በጋብቻ የሚሰጣትን ስጦታ፣ ያስከብርላታል፤ ቋንቋዋንም ያውቃል። ብዙ ሴቶች ወደዚያ የሚሄዱት ወደው ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ውሸት ይሆናል።

ጥያቄው ፈቃድ የሚለው ቃል ላይ ነው። ወንድሞቿና የባሏ ዘመዶች የሸሪዓውን ፍርድ ቤት ሲመርጡ እሷ አልፈቅድም ማለት ትችላለች፤ በሕግ። ከዘመዶቿ ጋር ግን በሚቀጥለው ዒድ እንዴት ትገናኛለች? ነገሩ ሕገ መንግሥቱን እስከሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ነበር። በ1996 ምክር ቤቱ በአንዲት ሴት የውርስ ጉዳይ ላይ ተከራካሪዋ ሳትፈቅድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነው፤ ለድሬ ግን ይበልጥ ይመለከታታል።

ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ሳያቸው የሕግ አውጪዎቹን ሒሳብ ያየሁ ይመስለኛል። አንዱን የጠየቁት የሴት ጠበቆች ነበሩ። ሌላው የእምነቱ ተከታዮች ጥያቄ ነበረው። ሁለቱም ተሰጣቸው። ሁለቱ ሲጋጩ ማን ይበልጣል የሚለው ለባለጉዳዩዋ ተተወ። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ እንዲህ ያለ ነጋዴ አለ፤ ለሁለት ሰው አንድ ዕቃ ሸጦ ተስማሙ ይላቸዋል።

ሐረር፣ ሁሉም የሚተዋወቅበት

አሁን ደንገጎን እንውጣና ሐረር እንግባ። ሐረሪ ክልል ናት፤ የቤተሰብ ሕጓን የምታወጣው ራሷ ነች። አማራና ኦሮሚያ በ1995 የራሳቸውን አወጡ። ሐረሪ ከእነሱም ዓመታት ዘግይታ ነው ያወጣችው።

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት አሠራሩ ለየት ያለ ነው። 36 አባላት አሉት፤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። 14ቱን የሚመርጠው የሐረሪ ብሔረሰብ ብቻ ነው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖረውም ጭምር። በ2013 ይህ የውጭ ድምፅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ የሐረሪ ምርጫም ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተገፍቷል። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር። ሐረሪዎቹ ከዚያ ውስጥ ከመቶ ዘጠኝ አይሞሉም።

ይህን ቁጥር ወደ ሰው እንመልሰው። ጥቂት ሺህ ሰው 14 ሰው ይመርጣል። በዚያ ላይ ሐረር የአሕሊና የአፎቻ ከተማ ናት። አሕሊ የሥጋና የጋብቻ ዝምድናው ነው። አፎቻ ለሰርግና ለለቅሶ የሚደራረሱበት ማኅበር ነው፤ የወንዱ ለብቻ፣ የሴቱ ለብቻ። በግንብ በታጠረው የድሮ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ሰው ስትጠይቅ ስሙን ሳይሆን የማን ልጅ እንደሆነ ነው የሚነግሩህ። ተመራጩ የአንዱ የእህት ልጅ ነው፣ የሌላው አማች ነው፣ የሦስተኛው የአፎቻ ባልደረባ ነው። የፍቺ ሕግ ሲረቅ ፍቺ ላይ ያለችው ሴት ዘመዱ ናት። ባሏም ዘመዱ ነው። ሽማግሌው አባቱ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል እንዲህ ባለ ቦታ የቤተሰብ ሕግ ቀስ የሚለው። ክፋት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው፤ ሕጉ የማንን ቤት እንደሚያንኳኳ በስም ስለሚታወቅ ነው።

ሐረር ዝምድናና ሥልጣን የተጋቡባት ከተማ መሆኗ አዲስ ነገር አይደለም። የ16ኛው መቶ ዘመኗን ባቲ ድል ወንበራን አስቡ። የዘይላው ኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ (ግራኝ የሚባለው) ሚስት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ የአሚር ኑር ሚስት። ያ አሚር ኑር ነው የጁገልን ግንብ ያስገነባው። አሚሩን ያገባችው የባሏን ደም እንዲመልስ ቃል አስገብታ ነው ይባላል። ወንበር አልነበራትም፤ ጋብቻዋ ግን የጦርነትና የሰላም ጉዳይ ነበር።

ሐሳቤን የሚፈታተን ነገር

እስካሁን ያልኩት፣ ሕጉ የራስ ቤት ሲደርስ እጅ ይከብዳል፣ የሰው ቤት ሲሆን ይቀላል ነው። ይህን የሚቃወም ትልቅ ማስረጃ አለ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ።

የወንጀል ሕግ የፌዴራል ነው፤ አገሩን ሁሉ ይገዛል። የ522ቱ ቤትም ውስጥ ይገባል። ያ ሕግ ግርዛትን ወንጀል አደረገ። ያለዕድሜ ጋብቻን ወንጀል አደረገ። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባን ለይቶ አነሳ። ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን የድሮውን ቀዳዳ ዘጋ። ጽንስ ማቋረጥን በአስገድዶ መድፈርና በመሳሰሉት ጊዜ ፈቀደ። ይህን ያጸደቀው ምክር ቤት ሴቶቹ 42 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ ስምንት የማይሞሉ። እንግዲህ እጅ ከብዷል ማለት አልችልም።

ግን ሕጉ የቆመበትን ቦታ ተመልከቱ። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ያደርገዋል። ጠላፊው የሌላ ሰው ነው፤ ገራዧም የጎረቤት ሴትዮ ናት። ባል ግን ራሱ ነው፤ እጅ የሚያወጣው ሰውዬ። ሕጉ ሰፈሩን ሁሉ ዞረና መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሐሳቤ ተፈትኖ የተረፈው በዚህች አንዲት ሐረግ ነው፤ እኔ እንደማነበው።

ከዚያ ወዲህ ሴቶች በዙ። ኢሕአዴግ ለ1997ቱ ምርጫ ከዕጩዎቹ 30 በመቶ ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ፤ 117 ገቡ። በ2002 152 ሆኑ። በ2007 212። ከመቶ 39 ገደማ ማለት ነው። የሴቶች ቁጥር ያመጣው ለውጥ አለ ወይ ከተባለ፣ የወሊድ ፈቃድን ማንሳት ይቻላል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ድሮ ተደምሮ 90 ነበር። አባትም ሦስት ቀን ፈቃድ አገኘ። ይህ ቤት ያለ ሰው የሚያስበው ዓይነት ነገር ነው።

እነዚያ 212 ሴቶች ግን የገቡት በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ዕጩነት ነው። በ2007 ያ ምክር ቤት አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልነበረውም። አንዲት የምክር ቤት አባል ከሴት መራጮቿና ከድርጅቷ ማንን ትፈራለች? መልሱ ግልጽ ነው። በህንድ መንደሮች ለሴቶች አንድ ሦስተኛ መቀመጫ የሚሰጥ ሕግ ከወጣ በኋላ በሴት የሚመሩት ምክር ቤቶች ገንዘቡን በይበልጥ የመጠጥ ውኃ ላይ እንዳዋሉ ተጠንቷል። እዚያ ግን ሊቀ መንበሯ በጀት በእጇ ነበር፤ ውኃ የምትቀዳው ሴትም ጎረቤቷ ነች።

ድሬዳዋ ላይ ምን ሆነ?

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሩቅ ነበሩ። ያረፈው ግን በድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ቀፊራ ላይ፣ ሳቢያን ላይ፣ ከዚራ ላይ ነው። አንዲት ሴት እናስብ። ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ አላት፣ ወይም ጫት ታከፋፍላለች፣ ወይም ደቻቱ ወንዝ ዳር ምግብ ትሸጣለች። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ናቸው። ከአንድ ሰው ጋር ሳይፈራረሙ አሥር ዓመት ኖራለች። በድሮው ሕግ ቢለያዩ የንብረት ድርሻ የላትም። በአዲሱ ሕግ ሦስት ዓመት አብረው እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው። በንግድና በባቡር ለተቆረቆረች ከተማ፣ ሰው መጥቶ በሚቀመጥባትና ተነሥቶ በሚሄድባት ድሬዳዋ፣ ይህ ከሁሉም አንቀጽ ይልቅ ብዙ ቤት የገባ ይመስለኛል። ዕድሜውና አለቅነቱ ነው በየመድረኩ የሚነሳው፤ ሴቶቹ የሚጠይቁት ግን ይህችን ሦስት ዓመት ነው።

በዓለም ባንክ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. የ2000 እና የ2005 ዳሰሳዎችን አወዳድሮ ነበር። ሕጉ ቀድሞ የተለወጠባቸው ቦታዎች ላይ፣ ድሬዳዋን ጨምሮ፣ ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ደመወዝ በሚከፈልበት፣ ሙሉ ጊዜ በሚጠይቅ ሥራ መሰማራታቸው ከሌላው ይበልጥ ጨምሯል። ባል ሥራሽን እቃወማለሁ የሚልበት አንቀጽ ከሌለ ሰው ይሠራል፤ ይህን ያህል ነው።

ሽማግሌዎቹስ? ዛሬም አሉ። ፍቺ የሚፈርደው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ነገር ግን ዳኛው ራሱ መጀመሪያ ታረቁ ብሎ ይመክራል፣ ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎችም ሊልካቸው ይችላል። ያኔ ያው አጎት፣ ያው የአባት ወዳጅ ጫታቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ። ሲያስታርቁ ያስታርቃሉ። ካልሆነላቸው ድሮ ይፈርዱ ነበር። አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እሷም በማግስቱ ፋይሏን ይዛ ፍርድ ቤት ትገባለች።